ከቀለበቱ ሥር የተለወጠው

ደብረ ታቦር ለማስተማር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ክረምቱን ሐዋሳ ወደ ቤተሰቦቼ ሳልሄድ እዚያው አሳለፍኩት። የተከራየሁት ክፍል ያለው በአንድ ጡረተኛ የስፖርት መምህር ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዝናብ ሲጥል ከግቢ አይወጡም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ዝናቡ አያባራም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ሊያዩ ሲገቡ ላፕቶፔ ላይ ቅርጫት ኳስ ስጫወት አገኙኝ። ቆመው ትንሽ ተመለከቱ።

«ይሄ ቅርጫት ኳስ አይደለም» አሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«ሰው ፊቱ ላይ ቆሞበት፣ ወደ ሜዳው ጥግ እየሮጠ የወረወረ ሁሉ ያገባል እንዴ? ይህን ያህል ዘመን ሳሰለጥን እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።»

እውነታቸውን ነበር። የጨዋታው ጉድለት ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠኋቸው። ጣቶቻቸው እስኪለምዱ ሳምንት ፈጀባቸው እንጂ ከዚያ በኋላ እንደ አሰልጣኝ ይጫወቱ ጀመር፤ ኳስ ያቀባብላሉ፣ ለጓደኛው ከለላ የሚሆን ሰው ያቆማሉ፣ ነፃ የሆነውን ይፈልጋሉ። እኔ ጥግ ሮጬ እወረውራለሁ። በየቀኑ አሸንፋቸዋለሁ። አይናደዱም። «የሚዋሸው ጨዋታው ነው» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጣሉ።

ነሐሴ ውስጥ ለጨዋታው ማሻሻያ መውጣቱን አየሁ። ቤት ያለው ኔትወርክ ስለማይችለው ላፕቶፑን የመምህራን ቢሮ አስቀመጥኩት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያወርድ ቆየ።

ከተጫነ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ልማዴ ጥግ ሮጬ ወረወርኩ። ኳሱ ቀለበቱን ገጭቶ ተመለሰ። ደገምኩ፤ ጭራሽ ሳይነካው አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሮጥ የእሳቸው ተከላካይ ቀድሞኝ ጥጉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያንን ሁሉ ያስሮጥኩት ተጫዋቼ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ያለከልካል። ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ሜዳው ያው፣ ማሊያው ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ጨዋታው ግን ሌላ ነው። ጋሼ በሃያ ነጥብ አሸነፉኝ።

«ምን አደረግሽው?»

«እኔ አይደለሁም። የሠሩት ሰዎች አስተካክለው ላኩት።» ከማሻሻያው ጋር የመጣውን ዝርዝር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ከጥግ የሚወረወረው ተስተካክሏል። ተከላካዮች የተደጋገመን እንቅስቃሴ ያስታውሳሉ። የደከመ ተጫዋች እንዳልደከመው አይዘልም።

«ከእጃቸው የወጣውን፣ ሰው ቤት ከገባ በኋላ?»

«አዎ።»

«ማን ነገራቸው?»

«የሚጫወቱ ሰዎች ይጽፉላቸዋል።»

«እና ይሰማሉ?» መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። «እንግዲያው አንድ ነገር ጻፊልኝ» አሉኝ።

ሕመማቸውን ረስተው ተነሱ። ጀርባቸውን ለቁም ሳጥኔ ሰጥተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው አሳዩኝ። «ኳስ ቀለበቱን ገጭቶ ሲነጥር ሰው አንጋጦ አይቆምም። ተጋጣሚውን እንዲህ በጀርባው ዘግቶ ቦታውን ይይዛል። እነዚህ ግን ከቀለበቱ ሥር እንደ ምሰሶ ነው የሚቆሙት።» አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጨዋታው ሠሪዎች ላክሁ። መልስ አልመጣም። ጋሼ ለጥቂት ቀናት ሲጠይቁኝ ሰነበቱና ተዉት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሌላ ማሻሻያ ወጣ። አውርጄ ከጫንኩት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን ሳነብ አንድ መስመር ላይ ስደርስ ላፕቶፑን አቅፌ ተነሳሁ። ባጃጅ ይዤ ቤት ገባሁ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ‹ኳስ ሲነጥር ከቀለበቱ ሥር ያሉ ተጫዋቾች ተጋጣሚያቸውን በጀርባቸው ይዘጋሉ› ይላል።»

«ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ልዋሻቸው ስላልፈለግሁ፣ ይህንኑ የጻፈ ብዙ ሰው ሊኖር እንደሚችል፣ የእኛን ማንም ሳያየው ቀርቶ ሊሆን እንደሚችልም ነገርኳቸው።

«ይበልጥ ይገርማል እንጂ!» አሉ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ያየሁትን የማላውቀው ሰው በየአገሩ አይቶታል ማለት ነው።»

ከፀሐዩ ተነስተን ገባን። ጨዋታው እንደተጀመረ ጋሼ ከሩቅ ወረወሩና ሳቱ። ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ የእሳቸው ረጅሙ ተጫዋች ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ የእኔን ሰው በጀርባው እየገፋ አስወጣውና ኳሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሼ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አንቺም ሳቺ እስቲ» አሉኝ።

ሳትኩ። የእኔዎቹም ዞሩ። ከዚያ እሳቸው ሆን ብለው ሳቱ፣ ደግሞ እኔ። ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ሁለታችንም ከቀለበቱ ሥር ያሉትን ሰዎች እናያለን።