ያልደረቀው የወንበር እግር

ባሌ አናጢ ነው። ጉረኛ አናጢ። «እኔ የነካሁት እንጨት ባለቤቱን ይቀብራል እንጂ አይነቃነቅም» እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ክፍል እጠርጋለሁ፣ እሱ የተሰባበረ ዴስክና ወንበር ይጠግናል። ጠዋት አብረን እንገባለን፣ ማታ እየተጨቃጨቅን አብረን እንመለሳለን። ክፉ ኑሮ አይደለም፤ እኔስ ደስ ይለኛል።

ሙያውን የተማረው እስር ቤት ነው፤ የልጆች ማረሚያ በሚሉት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ክፍል ውስጥ የተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር እግሩ ተሰበረ። እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ማን ይከራከርለት? እጁ እስኪያብጥ ገረፉትና አባረሩት። መዋያ ሲያጣ አውቶቡስ ተራ ዋለ፤ እዚያ ከሚውሉት ጋር አብሮ ታፈሰና ሦስት ዓመት ገባ። ይህን ሰምተው «ለበጎ ነው፣ ሙያ ወጣልህ» የሚሉት ሰዎች አሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት! ያን ጊዜ ባሌ እሳት ይሆናል። «ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር አይቶ፣ ‹በል ወደ ክፍልህ ግባ› የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ! ሙያውንስ ክፍሌ ተቀምጬ ብማረው ምን ነበረበት?» ይላል።

አምና አዲስ ዳይሬክተር መጣልን፤ ቀይ መዝገብም ይዞ መጣ። ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ይባረራል፤ ንብረት የሰበረ ደግሞ ለፖሊስ ይሰጣል። ሕጉን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈና «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» አለ። ወይ እኩል! መጥረጊያ የያዘ ሰው የማያየው የለም። የባለሱቁ ልጅ መስኮቱን በኳስ ሲያደቀው አባቱ ተጠራና «ልጅ አይደል» ተባብለው ተሳሳቁ። ነገሩ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው። መዝገቡ ውስጥ የገቡት የወዛደር ልጅ፣ የለማኝ ልጅ፣ ጭራሽ ወላጅ የሌለው ናቸው።

ፌንጣም እዚያ ነበረች። ፌንጣ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከቆሻሻ ክምር ፕላስቲክ እየለቀመች ታሳድጋታለች። ጠዋት እናቷን አግዛ ስለምትመጣ አረፈደች ተብላ አንዴ ተመዘገበች። ዩኒፎርምሽ ቆሽሿል ተብላ ሁለተኛ።

ሦስተኛው ደግሞ ማክሰኞ ዕለት መጣ። ሰሌዳ ልታጠፋ ቁመቷ አልደርስ ሲላት የአስተማሪው ወንበር ላይ ወጣች፤ እግሩ ተገነጠለና ዱብ አለች። አስተማሪው «ሆን ብላ ዘላበት ነው» አለ።

እኔ ኮሪደሩን ስወለውል የቢሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ፌንጣ ጥግ ቆማለች፤ ወንበሩና የተገነጠለው እግሩ ወለሉ ላይ ተጥለዋል። እናቷ የሥራ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ «ጌታዬ፣ አፈር ልሁንልዎ፣ ፖሊስ ብቻ አይጥሩባት» ትላለች። ዳይሬክተሩ ባሌን አስጠራው። ለፖሊስ በሚሄደው ወረቀት ላይ «ሆን ተብሎ የተሰበረ» ተብሎ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ከሥሩ የባለሙያ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

«ፈርምና ወደ ሥራህ ሂድ» አለው። የታናሽ ወንድሙ እኩያ ሆኖ «አንተ» ይለዋል!

ባሌ እስክሪብቶውን አልተቀበለም። ጎንበስ አለ። የተገነጠለውን እግር አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና ሲል በበሩ በኩል እኔን አየኝ።

ወንበሩን ባለፈው ዓርብ የጠገነው እሱ ራሱ ነበር። እግሩን ኮላ ቀብቶ በገመድ ጠፍሮት፣ «እስከ ሰኞ እንዳይነካ» ብሎ ነበር። አስተማሪው ግን «ቆሜ ላስተምር ነው?» እያለ ወጥሮ ያዘው። እኔም ቸኩያለሁ። «በቃ ፍታና ስጠው፣ እንግዳ አለብን» ብዬ ነዘነዝኩት። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ፈታው።

ቢፈርም ማን ያውቅበታል? የኮንትራት ሠራተኛ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ከሥራው ያስወጣዋል። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ «ምነው በፈረመ» ብዬ ተመኘሁ። እኔ አፈር ልብላ!

«ይቺ ልጅ ምንም አልሰበረችም» አለ ባሌ። «እንጨት ሲሰበር ስንጥር ያወጣል። ይኸው ይዩት፣ ልሙጥ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ነው የተፈታው። እንኳን ልጅ፣ ድመት ብትወጣበት ይወድቅ ነበር።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የሰበርኩት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ፖሊስ ይጠራ ካሉ ለእኔ ይጥሩ። መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

እኔም መወልወያዬን እንደያዝኩ ዘው ብዬ ገባሁ። «ያስፈታሁት ደግሞ እኔ ነኝ!»

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ማንም!»

አንዴ ባሌን፣ አንዴ እኔን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በመጨረሻ መዝገቡን ዘጋና እናትየዋን «ውሰጃት፤ ነገ በሰዓቱ ትምጣ» አላት። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ወጣች።

አልዋሽም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አልወረደም። ባሌም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። ግን ከዚያ ወዲህ እሱ ጎንበስ ብሎ ሳያይ ማንም ልጅ ሰበረ አይባልም፤ አይፈርማ!

ያ ነገር በሆነ ማግሥት ባሌ ወንበሩን እንደገና ኮላ ቀብቶ፣ በሦስት ገመድ ጠፍሮ፣ በሥራ ክፍሉ በር ላይ አቆመው። አስተማሪው ቆሞ ያስተምራል፤ እሰይ! የዕረፍቱ ማብቂያ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ ሲገቡ ፌንጣ ብቻ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ እኔ ግቢውን እየጠረግኩ አያቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ደረቀ?»

«አልደረቀም! ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል።»

ዞር ብላ ተመለሰች። «አሁንስ?»

«አንቺ ልጅ!» ብሎ መዶሻውን እያወዛወዘ ጮኸባት። «በይ ወደ ክፍልሽ ግቢ!»

እየሳቀች ሮጠች። እሱ ከአፉ የወጣውን ጆሮው የሰማው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፣ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ከደስታዬ ብዛት ግቢው መሃል አለቀስኩ። የክፍሏ በር ከኋላዋ እስኪዘጋ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አየናት።