ጋሽ ዘውዱ ያቆዩልን ካሴት

ባለፈው ወር እናቴን ለዓይኗ ክትትል እዚሁ ደብረ ታቦር ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ነርሷ አልኮል የነካ ጥጥ ክንዷ ላይ ስታሳርፍ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና «የጋሽ ዘውዱ ቤት ሸተተኝ» አለች። እኔንም ሸትቶኝ ነበር።

ጋሽ ዘውዱ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የቪዲዮ ዴክ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዓረብ አገር የምትሠራ እህታቸው ናት የላከችላቸው። ዴኩ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል። ጋሽ ዘውዱ ካሴት ከማስገባታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ የዴኩን ሆድ አልኮል በነካ ጥጥ ይወለውላሉ፤ እኛ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ቀዳሽ ቄስ እንኳ እንደሳቸው አይጠነቀቅም እያለ ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር። ክረምት ገብቶ የጉና ጉም ከተማውን ሲያለብሰው ደግሞ ጫማ ሻጮቹን እየዞሩ፣ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ይለምኑና ከካሴቶቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። «ካሴት አይተኛም፣ ይቆማል፤ ሲተኛ ክሩ ይረግባል» ይሉን ነበር።

ታላቅ እህቴ ሙሉ በተዳረች በዓመቱ በወሊድ ሞተች። የሰርጓ ካሴት ጋሽ ዘውዱ ጋ ነበር፤ የእናንተ ቤት ጭስ ይበዛበታል ብለው እሳቸው ናቸው ያስቀመጡልን። የቀረጸው ሰው ዋናውን ካሴት ሌላ ሰርግ ቀርጾበት ስለነበር ሌላ ቅጂ አልነበረም። ከአርባዋ በኋላ እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ በቀጥታ እዚያ ትገባ ጀመር። ሰርጉን በሙሉ ማየት አትፈልግም። አንዲት ቦታ ብቻ ናት የምትፈልገው፦ ሙሉ በቬሎዋ ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ትስምና፣ ቀና ስትል እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«እዚያችው ላይ ይመልሱልኝ» ትላለች እናቴ። ጋሽ ዘውዱ ይመልሳሉ። ገና ሳያልቅ ደግማ ትጠይቃቸዋለች።

እያደር እዚያች ቦታ ላይ ነጭ መስመር ወጣ። መጀመሪያ ቬሎዋ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቆይቶ ወደ አገጯ ተጠጋ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ እንባዋ መስሏታል። በቀጣዩ እሑድ ስንሄድ ጋሽ ዘውዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ዴኩ ተበላሸ፣ በላይነሽ። ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ትንሽ ታገሺ።»

ዕቃው አልመጣም። እናቴ በአጥሩ በኩል ባገኘቻቸው ቁጥር «ጋሽ ዘውዱ፣ አልመጣም?» ትላለች፤ እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ «አልመጣም» ይላሉ። ፊልም ማየት የቀረበት ሰፈር ገብጋባ አላቸው፤ ዴኩን ለራሱ ደበቀ ተብለው ታሙ። እንዲህ እንዳለ ዘመኑ የሲዲ ሆነ፣ እናቴም መጠየቋን ተወች። ከዚያ ዓይኗን ግፊት ያዛት፤ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሄዶ ማየት ተሳናት። ጋሽ ዘውዱም ዘንድሮ በጥምቀት ሰሞን አረፉ።

ከክሊኒኩ በተመለስን ማግስት፣ ያ ሽታ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ሳጥኑን አውጥተው ሰጡኝ። ካሴቱ እንደቆመ ነበር።

«ዴኩ ተበላሽቶ አያውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ክሩ ሊበጠስ ነው፣ እናትሽ ከነአካቴው ልታጣት ነው ብሎ ነው። እውነቱን ንገራት ስለው፣ ‹አንዴ ብቻ ትለኛለች፤ እምቢ ማለት አልችልም› አለኝ። አዲስ አበባ ልኮ እንዳያስገለብጠው በሰው እጅ መስደዱን ፈራ። መስከረም በጠባ ቁጥር በሩን ዘግቶ፣ ክሩ እንዳይጣበቅ ወደፊትም ወደኋላም ያስኬደዋል። ቴሌቪዥኑን ግን አይከፍትም። ‹እናቷ ሳታይ እኔ አላይም› ይላል።»

ካሴቱን ከነዴኩ ፎቶ ቤት ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት። ምስሉ ጥርት ብሏል። ሻጋታ የለው፣ አልተጣበቀ። ድምፁ ግን ሁሉም የሰርግ ዘፈን ነው፤ ቀራጩ ዘፈን ጭኖበት የእህቴ የሙሉ ድምፅ የለም። ኮምፒዩተሩ ፊት ለብቻዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ዘውዱን ልመርቃቸው ወይስ ልቀየማቸው ዛሬም አላውቅም።

ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለች። «እኔ ግን ልጄን ማየት ነበር የፈለግሁ። ማስቀመጡን መቼ ፈለግሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋች። «በይ እዚያችው ላይ አድርጊና ንገሪኝ።»

«ጎንበስ አለች፣ እምዬ። ጉልበትሽን ሳመችው። አሁን ቀና አለች።»

«ትስቃለች?»

አገጯ ላይ ያቺ ቀጭን ነጭ መስመር አለች፤ ከዚያ በላይ ፊቷ ንጹሕ ነው።

«ትስቃለች» አልኳት።

እናቴ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«መልሺልኝ» አለች።