ለፎሶሊያው የተዋሰችው ምላስ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት መጋረጃ ሰፊዋ ብሎ ነው። ባሏን ደግሞ ማይኩ ይሉታል፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚነሱትንና የሚገቡትን አውቶቡሶች ሲያስታውቅ ስለሚውል። ቀኑን ሙሉ ሲናገር ውሎ ቤት ሲገባ የሚተርፈው ቃል ብዙ አይደለም። ስለ ምግብማ ከተጋቡ ጀምሮ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥሩ ነው።» ምሳው ቢያርም ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ በጨው ፋንታ ስኳር ጨምራ ያቀረበችለት ሾርባም ጥሩ ነበር።

በዓል ሲመጣ ዘመድ የሚሰበሰበው በማይኩ ታላቅ እህት ቤት ነው። እትዬ ስጋውን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ከስጋው ጎን የሚቀርበውን አትክልት ግን ለመጋረጃ ሰፊዋ ለቃላታለች። ይህ ሹመት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። መጋረጃ ሰፊዋ አዲስ ሙሽራ ሳለች ድርሻዋ ሳህን ማጠብ ነበር። ከዚያ ዳቦ መግዛት ሆነ። ከዚያ ዳቦ መቁረጥ። አትክልቱ የደረሳት፣ ቀድሞ ታመጣ የነበረችው የአክስት ልጅ በቀይ ስር አቀራረብ ከእትዬ ጋር ተጣልታ ከቀረች በኋላ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ደስታዋን ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻ በማግስቱ ሄዳ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ገዛች።

በዓሉ የሚውለው ዝናቡ አባርቶ ጓሮው ሁሉ ምርቱን ሲሰጥ ነው። ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ቀጭን ፎሶሊያ፣ ቅጠሉ ያልተቆረጠ ትንንሽ ካሮት፣ አፈሩ ያልደረቀ ቀይ ስር ገበያውን ይሞላዋል። እሷም ሦስቱን ለየብቻ ትሠራለች። እትዬ በሙገሳ ባትታወቅም ከፎሶሊያው ደግማ ትወስዳለች። ይህ በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ሜዳሊያ ነው።

በዚያ ዓመት ግን በዓሉ ሲቃረብ መጋረጃ ሰፊዋን ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ሽታ ግን ሳይመለስላት ቀረ። ያወቀችው የደንበኛ መጋረጃ ስትተኩስ ነው። ስልክ ጠርቶ ካውያውን ጨርቁ ላይ እንደተወችው ረሳች። የሚያነጋግራት ሰው ሳይጨርስ ጎረቤቷ ጫማ ጠጋኙ ሮጦ ገባና «ኧረ ቤቱ እየነደደ ነው!» አላት። ጭሱን ያየችው እሱ ከተናገረ በኋላ ነው። ማታ ሽንኩርት ልጣ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ሳበች። ዓይኗ አለቀሰ፤ አፍንጫዋ ግን ጉዳዩ አልመለከተውም። ጣዕምም አብሮ ሄዷል። ምግቡ ሁሉ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አላት። ይህን ለመስማት ግማሽ ቀን ተሰልፋለች።

«በቃ ለእትዬ ንገሪያት» አለ ማይኩ።

«ብነግራት ወደ ዳቦ ትመልሰኛለች።»

ማይኩ አሰበበት። እህቱን ያውቃታል። «ትመልስሻለች» አለ።

«ስለዚህ አንተ ትቀምስልኛለህ።»

ፎሶሊያውን ቀቅላ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሽታ አቀረበችለት። ጎረሰና «ጥሩ ነው» አለ። ጠረጠረች። ሌላ ሳህን ላይ ጨው የሚባል ሳታስነካ ሰጠችው። ጥሩ ነው። በሦስተኛው እፍኝ ጨው በተነችበት። ማይኩ ጎረሰ፣ ዋጠ፣ ተነስቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጥሩ ነው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀምጣ አለቀሰች። ማይኩ የሚያደርገው ጠፍቶት ሳህኖቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ምን እንደማበላህ ሳታውቅ ነው የበላኸው?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንቺ ስትሰፊ ውለሽ፣ ደክመሽ ሠርተሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እንከን ላውጣ?»

አፍንጫዋን ጠረገች፤ አፍንጫው ከዚህ ሌላ የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

በማግስቱ ማይኩ ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ማንኪያ ጠየቃት። ቆሞ ቀመሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በመናኸሪያው ድምፅ ጀመረ።

«ሎሚ በሰዓቱ ገብቷል። ጨው ገና መንገድ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ቦታውን በሙሉ ይዟል፤ ሌሎቹ ቆመው ነው ያሉት።»

መጋረጃ ሰፊዋ አፈጠጠችበት። የሚያውቀው ንግግር ይኸው ነው፤ ሌላ ከየት ያምጣ? ነጭ ሽንኩርቱን በግማሽ ቀነሰች፣ ጨው ጨመረች። እስከ በዓሉ ድረስ እንዲህ ከረሙ። ስለ ካሮቱ «ዝንጅብሉ ይዘገያል፤ ሰው ከዋጠ በኋላ ነው የሚደርሰው» አላት። «ይምጣ ወይስ ይቅር?» ስትለው ትንሽ አመነታና «ይምጣ፤ ሲመጣ ደስ ይላል» አለ። ካገባችው ወዲህ ስለ ምግብ ደስ ይላል ሲል የሰማችው ያን ዕለት ነው።

በበዓሉ ቀን ሦስቱን ሳህን ተሸክመው ሄዱ። ዘመድ ተሰብስቦ ስጋው ወጣ፣ አትክልቱ ዞረ። እትዬ ከፎሶሊያው ጎረሰችና ማኘኩን አቆመች።

«ዘንድሮ ሎሚው በዝቷል።»

መጋረጃ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ያኔ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተናግሮ የማያውቀው ማይኩ ተናገረ።

«አልበዛም። እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ስጋሽ ስብ ስለሚበዛበት ስቡን እንዲያቀልለው ነው።»

ማንኪያ የያዘ ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንተ?» አለች እትዬ። «አንተ ስለ ምግብ ምን ታውቃለህ?»

«እሷ ማሽተት አቅቷት እኔ ነኝ የምቀምሰው» አለ፤ ምስጢሩ መውጣቱ የገባው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው።

እትዬ ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወደ ዳቦ ይመልሱኛል ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

«እመልስሽ ነበር» አለች እትዬ፣ ሳታፍር። ከዚያ ስጋዋን ቆርሳ ከፎሶሊያው ጋር አብራ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች፣ ሳህኑንም ወደ ራሷ ሳበች። የዚያን ዕለት ስለ አትክልቱ ሌላ የተነገረ ነገር የለም። ባዶ ሳህን ይዘው ነው የተመለሱት።

መዘዙ የመጣው በኋላ ነው። የማይኩ ምላስ አንዴ ከተፈታ የሚያስረው ጠፋ። በመናኸሪያው ሻይ ቤት ሻዩ ላይ አስተያየት ሰጠ፤ ባለሻይ ቤቷ አኮረፈች። ጎረቤት ሠርግ ጠርቶት በደንብ ያልበሰለውን ሩዝ «ሳይሞላ የተነሳ ነው» አለ። ሚስቱ ሹልክ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ብቻ ተመቻት። አሁን በዓል ሲደርስ በማለዳ ትደውልና «ስጋው ሳይወጣ ወንድሜን ላኪልኝ» ትላለች፤ ከዚያ የሁለቱ ጭቅጭቅ እስከ መንገዱ ይሰማል።

የመጋረጃ ሰፊዋ ሽታ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አንዳንዴ ቡና፣ አንዳንዴ ሳሙና ብልጭ ይልላትና ይጠፋል። ባሏን ከላከች በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ታጥቦ የተቀመጠ ካሮት አንስታ በቁሟ ትበላለች። የሚጣፍጥ ነገር የለውም። ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሌላም ታነሳለች።