አጥቤ ያጠንኋት ማሰሮ

ከምኖርበት ፎቅ ሥር፣ በዚህ ብርዱ አጥንት በሚዘልቅ የጀርመን ከተማ፣ ባልና ሚስት የሚሠሩባት አንዲት ትንሽ የቢራ መጥመቂያ አለች፤ ብቅል ያፈሉ ቀን ሽታው በደረጃው ሽቅብ እየተሳበ ሳያንኳኳ ቤቴ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ከጸሎቴ ተነሥቼ ብወጣ፣ ከበላዬ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር አንድ የመስታወት ዕቃ በካፖርታቸው ሸፍነው፣ አራስ ልጅ እንደታቀፈ ሰው በዝግታ ሲወጡ አገኘኋቸው። ምን እንደያዙ ብጠይቃቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ እርሾ ነው። ለካ እሳቸውም እቤታቸው ይጠምቃሉ፤ እርሾውን፣ አንዳንዴም እፍኝ ብቅል መርቀው፣ የሚሰጧቸው የታችኞቹ ጠማቂዎች ናቸው። ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቁኝ፣ በሳቸው ቋንቋ ወረታን ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከወረታ ገበያ ጀርባ ነበር። እናቴ ጠላ በጠመቀች ቁጥር ከጋኑ ሥር ከሚቀረው አተላ ጥቂት ቀንሳ በአንዲት አፈ ጠባብ ማሰሮ ታኖራለች፤ ለሚቀጥለው ጥንስስ እርሾው እሱ ነው። እኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! እኔ የማውቀው ንጽሕና ብቻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት እግሬን ሦስት ጊዜ የምታጠብ፣ አራተኛውን እናቴ ቆጥታ የምታስተወኝ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት የደረሰው በዚያ ዓመት፣ ያውም ለኅዳር ሚካኤል ነው። ማኅበርተኞቹ አዝነውላት፣ «ዘንድሮ ይለፍሽ፣ ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ?» ብለዋት እሷ እንቢ ብላለች። ኅዳር በባተ በሁለተኛው ቀን፣ የፎገራ ሜዳ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ በሚዋኝበት ጊዜ፣ ጌሾ ልታመጣ ቁሐር ሚካኤል ወደሚባለው መንደር፣ እኅቷ ዘንድ ሄደች። እኔም ላስደስታት ብዬ ዕቃውን ሁሉ በግራዋ ፈተግሁ፤ ያችን ማሰሮም አገኘኋትና የሸተተውን ነገር ከጓሮ ደፍቼ፣ እስክትጮህ አጥቤ፣ በወይራ ጭስ አጥኜ፣ ፀሐይ ላይ ደፋኋት።

እናቴ ስትመለስ ማሰሮዋን አንሥታ አሸተተች።

«የሺ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«ደፋሁት እማ። ሸቶ ነበር እኮ።»

አልመታችኝም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ሚካኤልን አሥር ቀን ሲቀረው አዋረድሽኝ» አለች። በዚያ ብርድ ያለ እርሾ የተጠነሰሰ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም፤ ጎረቤቶቻችንን ብንጠይቅ የሁሉም ማሰሮ ባዶ ነው። ጥንስስ የማይጠፋበት ቤት አንድ ብቻ፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ ከሚገናኙበት ላይ ያለው፣ ከእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት የእትዬ ትርንጎ ጠላ ቤት ነበር። እናቴ ደግሞ በዚያ በራፍ ስታልፍ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ እርምጃዋን የምታፈጥን ሴት ናት።

«የደፋሽው አንች፣ የምትለምኝውም አንች» ብላ ባዶ ቅል አስያዘችኝ።

ከበራፉ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ መግባቱ ኃጢአት መስሎኛል። እትዬ ትርንጎ፣ አንገቷ ንቅሳት የሞላው ደልዳላ ሴት፣ ወጣ ብላ አየችኝ።

«የማን ነሽ አንች? ምነው እንደ ጭቃ ሹም ደጄ ላይ ቆምሽ?»

እያለቀስኩ ነገርኋት። መቃኑን ይዛ ሳቀች።

«ማጠቡስ ይሁን፣ አጠንሽው?» ዞር ብላም ወደ ውስጥ፣ «ስሙ እናንተ! እርሾ ያጠነች ልጅ መጣችላችሁ!»

«ክርስትና ልታስነሣው ይሆናላ!» አለ አንድ የመኪና ሹፌር።

እሷ ግን ቅሌን ተቀብላ አረፋው እስኪፈስ ሞላችው፤ በነጠላዬ ጫፍም እፍኝ የዳጉሳ ብቅል ቋጠረችልኝ። «ለእናትሽ እንዲህ በያት፤ እርሾ ይመለሳል። ጠላው ሲደርስ ከአተላው አንድ ቅል ታምጣልኝ። ራሷ ታምጣው፣ አንችን እንዳትልክ።»

ቅሉን ከዓይን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ሆዴ ላይ እንደ ድመት ግልገል እያንኮራፋብኝ፣ አባታችን ሆይን እየደገምሁ ተመለስሁ። መልእክቱን ስነግራት እናቴ ቅሉን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጥንስሱም በማግስቱ ሽቅብ ተነሣ።

በሚካኤል ዕለት የንስሐ አባታችን አንድ ዋንጫ ጨርሰው ጢማቸውን ጠረጉና፣ «ይህ ጠላ በማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ እናቴን አዩ። «በእጄ ነው» ብትል ማን ይከሳት ነበር? በሆዴ ሚካኤልን እለምን ነበር፤ ዝም እንድትል ይሁን እንድትናገር፣ ዛሬም አላውቀውም።

«እጁ የእኔ ነው አባ፤ እርሾው ግን የትርንጎ ነው» አለች።

አንዷ ያነሣችው ዋንጫ ከአየር ላይ ቀረ። አባ ወደ በሩ ተመለከቱ። «ታዲያ እሷስ የታለች?»

እናቴ አተላውን በቅል ቀድታ ተነሣች። ያን ቀን በገበያው መሐል በጠራራ ፀሐይ ስትሄድ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ፊቷን አልሸፈነችም። እትዬ ትርንጎ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተከትላት መጣች፤ ከበሩ ሥር ልትቀመጥ ስትል እናቴ ክንዷን ይዛ ከራሷ መደብ አስቀመጠቻት።

«ያችን እርሾ አጣኝ አምጧት» አለች እትዬ ትርንጎ ተመቻችታ፤ «እሷ ታሳልፍልን፣ ዋንጫው ያለ ጥርጥር ንጹሕ ነው!»

አባ እንኳ ትን እስኪላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ትርንጎ የሚካኤል ማኅበርተኛ ሆነች፤ በሷ በራፍም ዓይንን ሸፍኖ ማለፍ ቀረ። የእኛ ሲጠፋ ከሷ፣ የሷ ሲሆመጥጥ ከእኛ እየተመላለሰ አተላው ለዓመታት ኖረ፤ የእናቴን የተዝካር ጠላ የጠመቀችውም እሷ ናት። አሁን ሁለቱም የሉም፤ አንዱን ጥንስስ ማን ከማን እንደወሰደ የሚያስታውስም የለም። እኔ እዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዳች አልጎደለብኝም። ባዶ ዕቃ ይዤ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም፤ የእኔንም በር እንዲያ ያንኳኳ የለም። ለንስሐ አባቴ ይህን ልናገር አስቤ፣ በየትኛው ኃጢአት ሥር እንደምቆጥረው ጠፍቶኝ ተውሁት።