በጋቢ የተሸፈኑ ነጭ አይጦች

ያን ማለዳ ጋሽ አስረስ ከመካኒሳ አቦ እስከ ምርምር ቤቱ ሲገሰግሱ እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም ነበር። የሚቀልቧቸው ነጭ አይጦች የመውለጃ ቀናቸው ደርሷል።

በሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሐሚዳ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጠበቀቻቸው።

«የአይጥ አዋላጅ መጡ! ገንፎው የታለ ጋሽ አስረስ?»

«ዝም በይ አንቺ! መጀመሪያ በሰላም ይገላገሉ።»

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልባት፣ ያ ሁሉ ሜዳ ሳለ፣ ጋሽ አስረስ ባለጋሪ ነበሩ። ወለላ የምትባል ዳማ ባዝራ ነበረቻቸው፤ ስትሶመሶም ጋሪው ላይ የተቀመጠውን እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ወለላ አርግዛ ሆዷ ሲገፋ ደስታቸውን መሸሸግ አቃታቸው። ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ እያስቆሙ «እስቲ ሆዷን እዩልኝ!» ይሉ ነበር። ርጉዝ ከብት እንደዚያ ለሰው ዓይን አይሰጥም፤ እሳቸውም አላጡትም። ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት፣ ሳትታመም ሳትወድቅ፣ ጨነገፈች። ሰፈሩ «ዓይን በላት» አለ። እሳቸው ግን «አፌ ነው የበላት» ብለው ጸጸቱን ይዘውት ኖሩ።

የምርምር ቤቱ ተመራማሪ ዶክተር ጸደንያ ይህን ስትሰማ «ቫይረስም ሊሆን ይችላል እኮ» አለቻቸው። በትንፋሽ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚጋባ፣ እናቲቱን ሳያሳምም ጽንሱን የሚያስወርድ ቫይረስ አለ። እሷ የምትሠራው ክትባት ለዚሁ ነው። ባዝራ እስክትወልድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ አይጥ ግን ወር አትሞላም፤ ስለዚህ ሙከራው ከአይጥ ተጀመረ። ቀይ ምልክት ያለባቸው ክትባቱን ተወጉ፤ ነጭ ምልክት ያለባቸው የተወጉት ግን ባዶ ውሃ ነበር። ሲያረግዙ ሁሉም ቫይረሱ ተሰጣቸው።

እና አሁን ዶክተሯ ሳጥኖቹን እያየች ትዘላለች። በቀዮቹ ዘንድ ሮዝ የመሰሉ ልጆች ይርመሰመሳሉ፤ ነጮቹ ጨንግፈዋል።

«ተሳካ! ጋሽ አስረስ፣ ተሳካ!» ብላ አቀፈቻቸው። ወዲያው ዓይኗ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አረፈ። «ይሄ ጋቢ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የኔ ነው ልጄ። እንግዶች መጥተው ‹አቤት ሆዷ!› ሲሉ ብሰማ፣ ዓይን እንዳይገባባቸው ሸፈንኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ቀዮቹን ብቻ። የኛ ናቸው ብዬ።»

ዶክተሯ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ታዲያ ያዳናቸው ክትባቱ ይሁን የጋቢው ጨለማና ሙቀት፣ በምን አውቃለሁ? እንደ አዲስ መጀመራችን ነው። ወይ ሁሉም ይሸፈናሉ፣ ወይ ማንም አይሸፈንም። እርስዎ ይምረጡ።»

ጋሽ አስረስ ጋቢውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙ። ወለላ ትዝ አለቻቸው። ሁሉንም መሸፈን ይቀል ነበር፤ ግን እንዲያ ከሆነ ‹ዓይን ነው ወይስ በሽታ?› የሚለውን የእሳቸውን ጥያቄ ማን ይመልሳል?

«ማንም አይሸፈን» አሉ። «ዓይን ያለው ይምጣና ይያቸው!»

በሁለተኛው ዙር ሐሚዳ ወለሉን በወለወለች ቁጥር «አቤት ሆድ! መንታ ነው እንዴ?» እያለች አይጦቹን ታወድስ ነበር። ጋሽ አስረስ ጥርሳቸውን ነክሰው አማተቡ፤ አላስቆሟትም።

ቀኑ ሲደርስ ዶክተር ጸደንያ በሩን ያዘችላቸው። «እርስዎ ቀድመው ይዩ።»

ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያው ቀይ፣ ልጆች። የሚቀጥለውም። የሚቀጥለውም! ልባቸው እንደ ወለላ ኮቴ መታ።

«ወልደዋል! አፍጥጠን እያየናቸው፣ ወልደዋል!»

«ነጮቹ እንደ ቀድሞው ጨንግፈዋል» አለች ዶክተሯ ከወዲያኛው መደርደሪያ። «ፈረስ ላይ ገና ነው ጋሽ አስረስ፤ የወለላንም እርግጡን ማወቅ አይቻልም። እነዚህን ግን ዓይን አልበላቸውም።»

«ይበቃኛል ልጄ። ይበቃኛል።»

«ለአይጥ እልልታው ስንት ጊዜ ነው?» ብላ ሐሚዳ ከኮሪደሩ ጮኸች።

«እስኪበቃሽ!» አሉ ጋሽ አስረስ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ቅቤው ያንቺ ነው፤ የገብሱን ዱቄት እኔ አመጣለሁ። ገንፎው ዛሬ ነው!»