የእድሩ ድንኳን ገበያ ወጣ

ሐምሌ ላይ ሞያሌ ይበርዳል ስል የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው። ኬንያ፣ ጠረፍ፣ ግመል ሲባል ሰው የሚያስበው ሙቀት ብቻ ነው። ይምጣና ጠዋት ላይ ያን ነፋስ ይቅመሰው። ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ የሚነዱት ልጆች ሳይቀሩ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበው፣ ጆሯቸውን በፎጣ አስረው ነው የሚውሉት። የእጅ ሥራ ገበያውን በዚህ በብርዱ ወቅት እናድርገው ብዬ ሴቶቹን ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ ጎረቤቴ ነበረች።

የጎረቤቴ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከግቢዋ አልወጣችም። ሶኮ፣ ገበያው ድረስ ወርጄ ሽንኩርቷንም ቲማቲሟንም የማመጣላት እኔ ነኝ። ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። የሕፃን፣ የአዋቂ፣ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፤ አልጋዋ ላይ መተኛ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። እኔ መቼም ስቆጣ ቃል አልመርጥም፤ አንድ ቀን «ይሄን ሁሉ ለማን ነው የምትከምሪው? ለብል?» አልኳት። «ቅዳሜ ገበያ እናወጣዋለን፤ ራስሽ መጥተሽ ነው የምትሸጪው» ስላት ብዙ አሰበችና «እሺ» አለች። ያቺን እሺ ለማግኘት ስንት ወር እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ከገበያው ደጃፍ ከተመለሰች ሁለተኛ እንደማትወጣም አውቅ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን አጥብቄ ያዝኩት። ከእኛ ሰፈር ዳንቴልና ስፌት የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ በአካባቢው ካሉት ከጎልቦና ከቦሪ ደግሞ ዶቃና የወተት ጮጮ ይዘው የሚመጡ የቦረና ሴቶች ተስማምተዋል። ያለ ድንኳን ግን ያ ነፋስ ዕቃችንን ድንበር አሻግሮ ኢትዮጵያ ነው የሚያደርሰው። ለሰርግ ነጭ ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር የሚያከራየውን ሰውዬ ቀደም ብዬ አነጋግሬው ነበር። ዓርብ ስደውልለት «ማማ፣ ሰርግ መጣብኝ» አይለኝም መሰላችሁ። ደሜ ፈላ። በአማርኛ ጀምሬ፣ በኦሮምኛ ቀጥዬ፣ በስዋሂሊ ጨረስኩለት። ሌሎቹን አከራዮች ጠየቅሁ፤ የሁሉም ድንኳን ሰርግ ላይ ነው። የቀረው የእድራችን ድንኳን ብቻ ነበር።

እድሩ ከድንበሩ በዚህ በኩል የምንኖር ሐበሾች ያቋቋምነው ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስትና የሻይ ማንቆርቆሪያ አለው። ለቅሶ ከሌለ ለፈለገ ይከራያል ይባላል እንጂ ለሌላ ነገር የተከራየው ሰው አላውቅም። ያንን አረንጓዴ ሸራ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ባሏን ቀብራ የተቀመጠችውም እሱ ሥር ነው። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌላ መላ አጥቼ ነው።

የእድሩ ዕቃ ያዥ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው «የለቅሶ ድንኳን ገበያ መሃል? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ብርድ ነው ይላል፣ ጋሼ።»

«ሟርት ነው።»

«ኪራዩን ይቀበሉኝ፣ ሟርቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

እያጉረመረሙ ከፈቱልኝ። አመሻሹ ላይ ለጎረቤቴ ልነግራት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ሹራቦቿን አንድ በአንድ አጣጥፋ ማዳበሪያ ውስጥ ስትከት አገኘኋትና አፌን ያዝኩ። ማዳበሪያውን እኔ በማለዳ ልወስደው፣ እሷ ረፈድ ሲል ልትከተለኝ ተነጋግረን ተለያየን።

ጠዋት ገመዱን ከድንጋይ ጋር አስረን ድንኳኑን ተከልነው። ግማሹን አግዳሚ ለዕቃ ማስቀመጫ አደረግን፣ የተረፈውን ዳር ዳር ደረደርነው። ዘርግተን ሳንጨርስ ጉድ ፈላ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሏት። አንድ የቦዳቦዳ ነጂ «ፖሌ ሳና፣ ፖሌ ሳና» እያለ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ፤ አይዟችሁ ማለቱ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ሹፌር መኪናውን ዳር አቁሞ ገባና ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ተቀመጠ። የሚናገር የለም። የቦረና ሴቶቹ ዶቃቸውን እንደያዙ እኔን እኔን ያያሉ።

በመጨረሻ ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማን ነው ያረፈው?» አለኝ።

«ማንም አላረፈም።»

«ታዲያ ድንኳኑ?»

«ተከራይተነው ነው። ሹራብ ልንሸጥበት።»

ትንሽ ፈዞ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀችውም ሳቀች። ግን ተነሥቶ ዝም ብሎ ለመውጣት ሁሉም አፈረ። ሹፌሩ «ማርሳቢት ተራራ ላይ ጉም ውስጥ ነው የማድረው፣ እስቲ ኮፍያ አሳዪኝ» አለና የጎረቤቴን ኮፍያ ገዛ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ልድረስ ብሎ የገባ ሁሉ አንዳች ነገር ይዞ መውጣት ጀመረ። ነጩ ድንኳን ቢሆን ግማሹም አይገባም ነበር፤ ሰርግ መስሎት ጥሪ ይጠብቃል። እዚህ ግን ማንም ጥሪ አይጠብቅም፣ ይገባል። ዕቃ ያዡ ይሄን አለማየታቸው ቆጨኝ።

እኔ ግን አልተረጋጋሁም፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ረፈድ ሲል መጣች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ የአጥሩን ጥግ ጥግ ይዛ። ድንኳኑን ስታይ ቆመች። ሮጬ ሄድኩላት፤ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ «ሌላ አጣሁ እህቴ። ካስጠላሽ አሁኑኑ አስፈርሰዋለሁ» አልኳት። የምሬን ነበር።

የሰማችኝ አልመሰለኝም። ሸራውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

«አረንጓዴ ነው እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ አረንጓዴ ነው።»

«ያን ሁሉ ቀን ተቀምጬበት ቀና ብዬ አላየሁትም።»

እንባዬ መጣ፤ በነፋሱ አመካኘሁ። እሷ ግን አልፋኝ ገባች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወዲያው አወቋት፤ በባሏ ለቅሶ ጊዜ ጠዋት ማታ ፊት ለፊቷ ሲቀመጡ የነበሩ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ አባባ። እርስዎ ግን በዚህ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ነው የወጡት?» አለችና ግራጫውን ትልቅ ሹራብ አንሥታ አለበሰቻቸው። እጅጌው አጠረ። ጎትታ ጎትታ አየችው፣ እሳቸውም ክንዳቸውን ዘርግተው በትዕግሥት ቆሙላት። «ይሄንን ቀጥዬ አስረዝመዋለሁ። ለመጪው ቅዳሜ እዚሁ ይምጡ» አለቻቸው። እዚሁ ስትል ጆሮዬን አላመንኩትም፤ ለጮጮ ሻጯ ሴትዮ እየቆጠርኩላት የነበረውን የመልስ ገንዘብ አሳሳትኩ።

አመሻሹ ላይ ዕቃ ያዡ ድንኳናቸውን ሊረከቡ መጡ። እኔ አግዳሚ እያነሣሁ ስለነበር ጎረቤቴ ቀድማኝ ሄደች፤ ሸራውን ከእሳቸው ጋር ጫፍ ለጫፍ ይዛ ማጠፍ ጀመረች።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «ማንም ካልሞተ ለመጪው ቅዳሜ እከራየዋለሁ። በእኔ ስም ያድርጉት።»