በሁዳዴ ያበላኋቸው ቸኮሌት

ይህን ባለቤቴ እንኳ አያውቀውም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ በደላችንን ለጌታ ነግረን እንነሣለን። እኔም ነግሬዋለሁ፣ ደጋግሜ። ግን አልቀለለኝም፤ የበደልኩት ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። እስቲ እናንተ ስሙኝ።

ጌታን የተቀበልኩት አግብቼ ሮቤ ከገባሁ በኋላ ነው። ጎባ ያሉት ኦርቶዶክስ ቤተሰቦቼ ይህን ሲሰሙ እግራቸውን ከቤቴ አነሡ። እናቴ በስልክ ደህንነቴን ትጠይቃለች እንጂ ከእጄ ውኃ አትቀምስም ነበር። የቀሩልኝ አዳዳ ብቻ ናቸው። የአባቴ እህት ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በኦሮምኛው አዳዳ ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘው ይመጡና ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሶፋዬ ላይ ይቀመጣሉ። "እናንተ እንዲያ ስትዘምሩ ጎረቤቱ እንዴት ይተኛል?" እያሉ ያበሽቁኛል። ዘመዶች ሲወቅሷቸው "የወንድሜ ልጅ አይደለችም እንዴ? ከእጇ እበላለሁ" ይሏቸው ነበር። ይህን ያዙልኝ። ከእጄ ለመብላት የደፈሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ የሲናና ስንዴ ጭኖ ወደ ቴፒ ሄደና ሲመለስ የደረቀ የካካዎ ፍሬ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ቸኮሌት ከዚህ ነው የሚሠራው ሲለኝ ሳቅኩበት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አዳዳ ጣፋጭ ይወዳሉ፤ የሱቁ ቸኮሌት ወተት አለው ሲባሉ ቅር ብሏቸው እንደነበር ትዝ አለኝ። እናም ልሠራላቸው ተነሣሁ። ፍሬውን ቆላሁት፣ ገለባውን በሰፌድ አነፈስኩት፣ ክንዴ እስኪዝል በሙቀጫ ወቀጥኩት። የራሱ ዘይት ስላለው እየተወቀጠ ሲሞቅ ይለሰልሳል ተብዬ ነበር። በሮቤ ብርድ ምን ይሞቃል? እንደ አፈር ሆኖ ቀረ። ስኳር ጨመርኩበት። እንደ ሽሮ መስሎኝ ውኃ ጠብ ባደርግበት ጭራሽ ጓጎለ። አዳዳ ደግሞ ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

መደርደሪያው ላይ ለጋ ቅቤ ነበር። አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ሁዳዴ መሆኑን እያወቅሁ። ማንኪያውን ወዲያው አጠብኩት። ቸኮሌቱ ተያያዘ፣ ወዛ፤ በሰሃን አድርጌ አቀረብኩላቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ የጾም ነው አይደል?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"አዎ አዳዳ፣ ፍሬና ስኳር ብቻ ነው" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ። ጣታቸውን ላሱ። ለመንገድ ብለው አንድ ቁራጭ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለ ቅቤ ሠራሁላቸው። ቀመስ አደረጉና "የዛሬው ደረቀብኝ፤ እንደዚያኛው አድርጊልኝ" አሉ። አደረግሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር አደረግሁት። ለምን? በጾማቸው ልስቅ ነበር? አይደለም። ጾም ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ በልቤ ነበር? ትንሽ ነበር፣ አልዋሽም። ዋናው ግን ሌላ ነው። እውነቱን ብነግራቸው እሳቸውም ይቀሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ከወገን በሬን የሚያንኳኳ ያጣሁ ሴት ነበርኩ። እንዲመጡልኝ ብዬ ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁትን ነገር ሰረቅኳቸው። እወዳቸው ነበር፤ ብወዳቸውስ?

አዳዳ አምና አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሴቶቹ "አንድ ቀን ጾም ሳይገድፉ" እያሉ አለቀሱላቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያስገደፍኳቸውም እኔ። በጣም ይናፍቁኛል። ቅዳሜ ሲሆን ዛሬም የግቢውን በር ሳልቆልፍ እውላለሁ። ሳቃቸው ይናፍቀኛል፤ ከሳቃቸው ይልቅ ግን ያልተቆጡኝ ቁጣ ይናፍቀኛል። አንዴ ቢሰድቡኝ ኖሮ እላለሁ።

አሁን እንደገና ሁዳዴ ነው። በቀደም እናቴ ደወለችልኝ። "አዳዳሽ ያንን ጥቁር ጣፋጭ አውርተው አይጠግቡትም ነበር" አለች። ቀጥላም "እሳቸው ከበሉ እኔም እበላለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሥሪልኝ" አለችኝ። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ እናቴ ቤቴን አይታው አታውቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ፍሬውን ቆልቻለሁ። ቤት የነበረውን ቅቤ ለጎረቤት ሰጠሁት። ደረቁን ነው የማቀርብላት። ቀምሳው "እሳቸው የሚያደንቁት ይሄ ነው?" ማለቷ አይቀርም፤ ያኔ እነግራታለሁ። ለእናንተ ማስቀደሜም አፌ እንዲለምደው ነው። ነጠላዋን አንሥታ ወደ መናኸሪያ ብትመለስ እግሯ ላይ አልወድቅም፣ ናፍቄሽ ነው ብዬም አልለምናትም። ናፍቆቴን ሰበብ አድርጌ አንድ ሰው በድያለሁ፤ ይበቃል።

አዳዳ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። እርስዎ እንደጾሙ ነው የሞቱት። የገደፍኩት እኔ ነኝ።